በመዝገብ ያልገባ ሥራ

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ አንድ ሮሮ አይጠፋም። «እኔ እሠራለሁ፤ የሚመሰገነው ግን ሌላው ነው» የሚል ነው። ተማሪውም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የፈተና ወረቀቱ ሲመለስለት ማርኩን ተመልክቶ «የደከምሁትን ያህል አልተሰጠኝም» እያለ ያጉረመርማል። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። በዚህ ዓለም የሚቆጠር ሥራና የማይቆጠር ሥራ አለ። የሚቆጠረው ለባለቤቱ ስም ያወጣለታል፤ የማይቆጠረው ግን ቤቱን ደግፎ እንደ ያዘ ምሰሶ ሆኖ ሳለ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው በማይቆጠር ሥራ የኖረ፣ በማይቆጠር ሥራም ከባልንጀሮቹ ሁሉ በላይ የደረሰ ሰው ነው። ስሙ ቢል ራስል ይባላል። ቦስተን ሴልቲክስ በሚባለው ቡድን ውስጥ የተጫወተ አሜሪካዊ የባስኬት ቦል ባለሙያ ነበር። በ13 ዓመት የባለሙያነት ዘመኑ ቡድኑ 11 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ኤን ቢ ኤ በሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ይህን ያህል ዋንጫ ያገኘ ሌላ ተጫዋች እስከ ዛሬ አልተገኘም። «ኳስ ተጫዋች ደግሞ ለእኛ ለቢሮና ለትምህርት ቤት ሰዎች ምን ይጠቅመናል?» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውስ።

በባስኬት ቦል ሜዳ ዳር ጠረጴዛ አጠገብ የሚቀመጥ ጸሐፊ አለ። ኳሱን ወደ ቅርጫት ያስገባውን ሰው ስምና ነጥብ ይጽፋል፤ ለጓደኛው አመቻችቶ ያቀበለውንም ይጽፋል፤ ከቅርጫቱ ጋር ተጋጭቶ የተመለሰውን ኳስ ዘሎ የያዘውንም ይጽፋል። ዳሩ ግን ተጋጣሚው የወረወረውን ኳስ ገና በአየር ላይ ሳለ በእጁ ያጨናገፈው ሰው በኤን ቢ ኤ መዝገብ የሚጻፍበት ዓምድ እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስ አልነበረውም። የቢል ራስል ዋና ሙያ ደግሞ ይኸው ነበር። እሱ ጨዋታ ያቆመው በ1969 ነው። ስለዚህ ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከሁሉ አብልጦ የሠራው ሥራ ስንት እንደ ሆነ በማኅበሩ መዝገብ ቢፈለግ አይገኝም። ዋንጫዎቹ ግን ተቆጥረዋል።

ራስል በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1934 ሞንሮ በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ተወለደ። ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት ዘመን ነበር። አባቱ ሚስተር ቻርልስ አንድ ቀን ቤንዚን ለመቅዳት መኪናቸውን አቁመው ሲጠባበቁ፣ ነጩ ቀጂ እነሱን ትቶ ሌሎቹን ነጮች ያስተናግድ ጀመር። ቆይተው ሊሄዱ ሲነሡ ሰውዬው ጠመንጃ ደገነባቸውና ሰድቦ አስቆማቸው። እናቱ ወይዘሮ ኬቲ ደግሞ አምሮባቸው ለብሰው ወደ ከተማ ቢወጡ አንድ ፖሊስ «ይህ የነጭ ሴት ልብስ ነውና ሄደሽ አውልቂ» ብሎ አዋርዶ መለሳቸው። እኒህ ወላጆች ልጆቻቸውን በዚህ ዓይነት አገር ለማሳደግ አልፈለጉም፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ኦክላንድ ወደምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ተሰደዱ።

በ1946 ቢል የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ታመው ሞቱ። አባትዮው ሁለት ወንዶች ልጆች ይዘው ቀሩ። በመኪና ጭነት የጀመሩትን ንግድ ትተው፣ ከልጆቻቸው እንዳይርቁ ብለው በብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ይህም ቢሆን ከማይቆጠረው ሥራ አንዱ ነው። ልጁ ከእናቱ ሞት በኋላ ዝምተኛ ሆነ፤ ውሎውም በከተማው ቤተ መጻሕፍት ነበር። እዚያም የሐይቲን ንጉሥ የአንሪ ክሪስቶፍን ታሪክ አነበበ። ከባርነት ተነሥቶ ንጉሥ የሆነና ትልቅ ምሽግ በተራራ ላይ ያሠራ ጥቁር ሰው መኖሩን ሲያውቅ፣ በትምህርት ቤት መጽሐፉ ስለ ጥቁር ሕዝብ ያነበበው የንቀት ቃል ሁሉ ከዓይኑ ወደቀ። አንድ መጽሐፍ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በጨዋታ ረገድ ግን ልጁ ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። ቀጭንና ረጅም ሆኖ እጅና እግሩ የማይታዘዘው ነበር። ማክላይመንድስ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በታናናሾቹ ቡድን ውስጥ 15 መለያ ልብስ ሲኖር ተጫዋቾቹ ግን 16 ነበሩ። አሥራ ስድስተኛው ቢል ራስል ነበር፤ አንዱን ልብስ ከሌላ ልጅ ጋር በየተራ ይለብሱት ነበር። ይህን አሥራ ስድስተኛ ልጅ ያላባረሩት መምህሩ ሚስተር ጆርጅ ፓውልስ ናቸው። በልጆች ክበብ ገብቶ እንዲለማመድ ከኪሳቸው 2 ዶላር አውጥተው ሰጡት። እኚህ መምህር ነጭ ነበሩ። ራስል ካረጀም በኋላ ስማቸውን በምስጋና ከማንሣት አልቦዘነም። እኔም በመምህርነቴ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር፣ በክፍሌ ጥግ የሚቀመጠውንና እጁን አውጥቶ የማያውቀውን ተማሪ ደግሜ እንዳየው ያስገድደኛል። ሁለቱ ዶላር በየትኛውም የትምህርት ቤት ሪፖርት ውስጥ አይገኝም፤ ያለ እሱ ግን የቀረው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ትምህርቱን ሲጨርስ ከሌሎች የካሊፎርኒያ ልጆች ጋር በአውቶቡስ ወደ ሰሜን እየተጓዘ ጥቂት ሳምንታት ተጫወተ። በጉዞው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ያየውን ጨዋታ ሁሉ በአሳቡ ይደግመው ጀመር። ጓደኛው ኳሷን ይዞ እንዴት እንደ ታጠፈ፣ እጁን በየት በኩል እንዳነሣ በልቡ ይሥለዋል። ቀጥሎም ራሱን በፊቱ ያቆምና «እንዴት ላቆመው እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የዚያ ዘመን አሠልጣኞች መልካም ተከላካይ እግሩን ከመሬት አያነሣም ብለው ያስተምሩ ነበር። ራስል ግን ዘሎ መከላከል እንደሚቻል በራሱ አሳብ ደረሰበት። ስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ከልጅነቱ በታየ ነበር፤ ይህ ጥናት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ለከፍተኛ ትምህርት በነጻ የጠራው አንድ ኮሌጅ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱ የጨዋታ አዳራሽ እንኳ ያልነበረው የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርስቲ ነው። እዚያ ከባልንጀራው ከኬ. ሲ. ጆንስ ጋር አብሮ ሌሊት ስለ ጨዋታ ሲመራመር ያድር ነበር። ኳሱ ከየት ቢወረወር ወደ የት እንደሚመለስ እንደ ጂኦሜትሪ ጥያቄ ያጠኑት ነበር። ቡድኑ በ1955 እና በ1956 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ ራስል በነበረበት ጊዜም 55 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ከዚህ የተነሣ የኮሌጆቹ ሕግ አውጪዎች ከቅርጫቱ ሥር ያለውን ክልል ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ አሰፉት። ለአንድ ተማሪ ሲባል ሜዳው ተለካ ማለት ነው።

ሆኖም በዚያው ጊዜ ሁለት ነገር ደረሰበት። አንደኛው፣ በ1954 ቡድኑ ለግጥሚያ ኦክላሆማ ሲቲ በሄደ ጊዜ የከተማው ሆቴሎች ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አናሳድርም አሉ። ነጮቹ ጓደኞቻቸው ግን ተለይተን አናድርም ብለው፣ ሁሉም በአንድነት ለዕረፍት በተዘጋ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አደሩ። ሁለተኛው፣ በ1955 ቡድኑ የመላ አገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ የሰሜን ካሊፎርኒያ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ኬኒ ሲርስ የሚባል የሌላ ኮሌጅ ተጫዋች ሆነ። ራስል በዚህ እጅግ አዘነ። ከኀዘኑም በኋላ አንድ ውሳኔ ወሰነ። ሽልማት የሰዎች አስተያየት ነው፤ አስተያየት ደግሞ እንደ ሰጪው ይለዋወጣል። የጨዋታ ውጤት ግን የተፈጸመ ነገር ነውና ማንም ሊከራከርበት አይችልም። እንግዲያው ሰው ምን ይለኛል ማለቱን ትቶ፣ ቡድኑ እንዲያሸንፍ ብቻ ሊሠራ ቆረጠ።

እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ሰው ሕይወት ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተቀይሞ ሥራውን አላቀዘቀዘም፤ ተቀይሞም ሽልማት ወደሚያስገኘው ሥራ አልዞረም። ነጥብ ማግባት ስም እንደሚያስገኝ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ቡድኑን የሚጠቅመው መከላከሉ መሆኑን ስለ ተረዳ በዚያው ጸና።

በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተሰልፎ ቡድኑ ለፍጻሜው ሶቪየት ኅብረትን 89 ለ55 አሸንፎ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ከዚያ ሲመለስ በዲሴምበር ወር የቦስተን ሴልቲክስ ተጫዋች ሆነ። የቡድኑ አሠልጣኝ ሚስተር ሬድ አወርባክ እሱን ለማግኘት ሲሉ ኤድ ማኮሊንና ክሊፍ ሄገንን የመሳሰሉ ሁለት ጥሩ ተጫዋቾች ለሴንት ሉዊስ ቡድን ለቀው ነበር። ሴልቲክስ ነጥብ የሚያገባ ሰው አላጣም፤ ቦብ ኩዚን የመሰለ ኳስ አቀባይም ነበረው። የጎደለው ኳሱን ከተጋጣሚ እጅ የሚያስጥል ሰው ነበር።

አሁን ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ሌሎች ረጃጅም ተጫዋቾች የተወረወረ ኳስ ሲያጨናግፉ በኃይል መትተው ወደ ተመልካቹ ይሰዱታል። ሕዝቡም ያጨበጭባል። ኳሱ ግን ከሜዳ ስለ ወጣ ተመልሶ ለዚያው ለተጋጣሚው ይሰጣል። ራስል ይህን አልወደደም። በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይነካውና ወደ ጓደኛው ያሳልፈዋል። ያ ጓደኛ ለኩዚ ይሰጠዋል፤ ተጋጣሚው ዞር ከማለቱ በፊት ኳሱ በወዲያኛው ቅርጫት ገብቷል። ጸሐፊው የሚጽፈው ያገባውንና ያቀበለውን ነው። ጭብጨባውም የእነሱ ነው። ደግሞም ራስል የተወረወረውን ሁሉ አይዘልበትም ነበር፤ አንድ ሁለቱን ካጨናገፈ በኋላ ተጋጣሚው «አሁን ይመጣብኛል» እያለ በፍርሃት እንዲወረውር ይተወዋል። ባለመዝለሉ የሳተውን ኳስ ማን ይቆጥረዋል?

በመጀመሪያው ዓመት፣ ማለት በ1957፣ ሴልቲክስና ሴንት ሉዊስ ለዋንጫ ገጥመው 3 ለ3 ሆኑ። ሰባተኛው ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት አልቆ፣ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶበት ቦስተን 125 ለ123 አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ጃክ ኮልማን የተባለው የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ብቻውን ወደ ቅርጫቱ ሲገሠግሥ፣ ራስል ከሜዳው ከወዲያኛው ጫፍ ሮጦ ደርሶ ኳሱን አጨናገፈበት። ዋንጫው ያን ጊዜ ከእጅ ሊያመልጥ ነበር። በዚያው ዓመት የአዲስ ተጫዋቾች ሽልማት የተሰጠው ግን ለጓደኛው ለቶም ሄይንሶን ነው።

ከዚህም የባሰ አስገራሚ ነገር አለ። በዚያን ዘመን የዓመቱ ታላቅ ተጫዋች የሚመረጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር። የዓመቱን ምርጥ አምስት ተጫዋቾች የሚመርጡት ግን ጋዜጠኞች ነበሩ። በ1958 ተጫዋቾቹ ራስልን ከሁሉ በላይ ታላቅ ነው ብለው መረጡት፤ ጋዜጠኞቹ ግን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ እንኳ ሳያስገቡት ቀርተው በሁለተኛው ቡድን መደቡት። በ1961 እና በ1962 ይኸው ተደገመ። በ1962 ዊልት ቼምበርሌን የተባለው ግዙፍ ተጫዋች በአማካይ በአንድ ጨዋታ 50.4 ነጥብ አግብቶ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ያልተደረሰበት ቁጥር ነው። ሆኖም ተጫዋቾቹ ድምፃቸውን የሰጡት ለራስል ነው። ከሜዳ ውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው ቁጥሩን አየ፤ ከፊቱ ቆሞ ኳስ የወረወረው ሰው ግን ማን እንደ ከበደው ያውቃል። በቢሮም ቢሆን ነገሩ ይኸው አይደለምን? የሥራ ባልደረባ ምስክርነት ብዙ ጊዜ ከአለቃ ማስታወሻ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

ራስል ፍርሃት የማያውቅ ብረት ነበር ብዬ አላወራም። ከትልቅ ግጥሚያ በፊት ሆዱ ታውኮ ያስመልሰው ነበር። ጓደኞቹም ድምፁን ሲሰሙ «ዛሬ ተዘጋጅቷል» ብለው ደስ ይላቸው ነበር ይባላል። ፈተና ሲቀርብ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪዎች ይህን አስታውሱ። ሰባተኛ ጨዋታ ለመወሰኛ ሲያስፈልግ በባለሙያነት ዘመኑ 10 ጊዜ ገብቶ 10ሩንም ጊዜ ቡድኑ አሸንፏል። ሲፈራም እየሠራ ነበር ማለት ነው።

በቦስተን ከተማ የነበረው ኑሮ ግን ዋንጫውን የሚያስረሳ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ። ቤተ ሰቡ በሚኖርበት ሬዲንግ በሚባል ትንሽ ከተማ በ1963 የክብር ቀን ተደርጎለት ነበር። ዳሩ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ወደ ሌላ ሰፈር ለመዛወር ባሰበ ጊዜ ጎረቤት ሊሆኑ የነበሩት ሰዎች እንዳይመጣብን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። በሌላ ጊዜም ሌቦች ቤቱን ሰብረው ገብተው ግድግዳው ላይ የስድብ ቃል ጻፉ፤ ዋንጫዎቹን ሰባበሩ፤ የሚተኙበትንም አልጋ በዓይነ ምድር አጎደፉት። በ1961 ደግሞ ሌክሲንግተን በምትባል የኬንታኪ ከተማ፣ ባረፉበት ሆቴል የቡና ቤት አስተናጋጆች ጥቁሮቹን ጓደኞቹን አናስተናግድም አሏቸው። ራስልና ጥቁሮቹ ተጫዋቾች «ከማናበላው ሰው ጋር እንዝናና ለሚል ሕዝብ አንጫወትም» በሚል አቋም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አውሮፕላን ሄዱ፤ ግጥሚያውም ያለ እነሱ ተደረገ።

እሱም ለራሱ ክብር ብቻ አልተቆረቆረም። በ1963 ሜድጋር ኤቨርስ የተባለው የጥቁሮች መብት ተከራካሪ በሚሲሲፒ በተገደለ ጊዜ፣ ወንድሙ ቻርልስ ኤቨርስ ራስልን ጠራው። ሊገድሉት የሚዝቱ ሰዎች መኖራቸውን እያወቀ ወደ ጃክሰን ከተማ ሄዶ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ሜዳ ላይ አሰልጥኖ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ ተገኘ። በ1967 መሐመድ ዓሊ ወደ ጦር ሠራዊት አልገባም ብሎ በተወገዘ ጊዜም፣ ክሊቭላንድ ላይ ከጎኑ ከቆሙት ስፖርተኞች አንዱ እሱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ራስል ለሴልቲክስ እንጂ ለቦስተን ከተማ እንደማይጫወት በግልጽ ይናገር ነበር። ለሚያከብሩት ጓደኞቹ ላቡን ሰጠ፤ ለሚሰድበው ሕዝብ ግን ፈገግታውን ነፈገ። ለደጋፊዎች ፊርማ መስጠትም እንቢ አለ። በዚህ ነገር የሚወቅሱት ብዙ ናቸው፤ እውነትም አባቱን ተከትሎ ወረቀት ይዞ የቆመ ሕፃን ስለ ሬዲንግ ሰዎች በደል የሚያውቀው አልነበረም። እኔ በዚህ ፍጹም ነበር አልልም። ነገር ግን ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲመለስለት የመቈጣት መብት እንዳለው ልንክድ አንችልም። ሥራውን አለማጓደሉ ከበቂ በላይ ነው።

ዋጋውንም ያውቅ ነበር። በ1965 ቼምበርሌን በዓመት 100,000 ዶላር ሊከፈለው ተስማማ ሲባል፣ ራስል 100,001 ዶላር ጠይቆ ተሰጠው። አንዷ ዶላር እንጀራ አትገዛለትም፤ ትርጉም ግን አላት። ስለዚህ የማይቆጠር ሥራ መሥራት ማለት ደመወዝን ዝም ብሎ መተው ማለት አይደለም። ጭብጨባ መለመን ሌላ፣ የላብን ዋጋ መጠየቅ ሌላ ነው።

በ1966 ሚስተር አወርባክ አሠልጣኝነታቸውን ሲተዉ ቦታው ለራስል ተሰጠ። እየተጫወተ ያሠለጥን ጀመር። በኤን ቢ ኤ ዋና አሠልጣኝ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። በ1967 ቼምበርሌን ያለበት የፊላደልፊያ ቡድን አሸነፈውና «ዘመኑ አለፈ» ተባለ። በ1968 ግን ዋንጫውን መለሰ። በ1969 ሴልቲክስ ሽማግሌዎች የበዙበት ቡድን ሆኖ በምሥራቁ ምድብ 4ኛ ወጣ። ይሁን እንጂ እየታገለ እስከ ፍጻሜው ደረሰ፤ ሰባተኛው ጨዋታም በሎስ አንጀለስ ሆነ። የዚያ ቡድን ባለቤት ድሉን ርግጠኛ አድርጎ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ብዙ ፊኛ አሰቅሎ ነበር። ቦስተን 108 ለ106 አሸነፈ፤ ፊኛዎቹም እንደ ተሰቀሉ ቀሩ። በዚያ በመጨረሻው ጨዋታ የ35 ዓመቱ ራስል ያገባው ነጥብ 6 ብቻ ነው። የያዘው ተመላሽ ኳስ ግን 21 ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ይህ ቡድን በሥራ አሳየው።

ከዚያ በኋላ ጫማውን ሰቀለ። ቀጥሎ ያለው ታሪኩ ሁሉ ድል አይደለም። ከ1973 እስከ 1977 ሲያትልን አሠልጥኖ ያን ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፍ አበቃው። በ1987 ሳክራሜንቶን ሲይዝ ግን 17 ጨዋታ አሸንፎ 41 ተሸነፈና ከሥራው ተነሣ። በራሱ አእምሮ ውስጥ እንደ ብርሃን የሚታየውን ነገር ለሌላው ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው፤ ይህን ጠመኔ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከቼምበርሌንም ጋር ተጣልቶ ከ20 ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ምክንያቱ በ1969ኙ ፍጻሜ ቼምበርሌን ጉልበቱን ታሞ ከሜዳ በመውጣቱ ራስል በአደባባይ ስለ ነቀፈው ነው። ኋላ ራስል ራሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ታረቁም። በ1999 ቼምበርሌን ሲሞትም በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለ እሱ ተናገረ።

ክብሩ በመጨረሻ መጣ፤ እሱም በራሱ መንገድ ተቀበለው። በ1972 ቁጥር 6 መለያው ለክብር ሲሰቀል ተመልካች ሳይገባ በጓደኞቹ ፊት ብቻ እንዲሆን አደረገ። በ1975 ስሙ በባስኬት ቦል የክብር አዳራሽ ሲመዘገብ ከእሱ በፊት ሊከበሩ የሚገባቸው ጥቁር ተጫዋቾች አሉ ብሎ አልተገኘም። ከእነዚያ አንዱ በ1950 በሴልቲክስ የተመረጠው ቸክ ኩፐር ነው፤ የኩፐር ስም በ2019 ሲገባ ራስልም ያን ጊዜ ቀለበቱን ተቀበለ። ከቦስተን ሕዝብ ጋር በ1999 በአደባባይ ተገናኝቶ ታረቀ። በ2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ የነጻነት ሜዳሊያ ሸለሙት፤ በ2013 ቤቱን በሰበሩበት ሰዎች አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ ሐውልት ቆመለት። በጁላይ 31 ቀን 2022 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያም ማኅበሩ ቁጥር 6ን ወደ ፊት በየትኛውም ቡድን ማንም አዲስ ተጫዋች እንዳይለብሰው ወሰነ።

እንግዲህ «ያልታየ ሥራ አንድ ቀን መታየቱ አይቀርም» ብዬ ልደመድም እችል ነበር። ነገር ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ እናንተንም ማታለል አልፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ ዶሴ በትክክል ስላስቀመጠ ብቻ የስንቱን ባለጉዳይ መብት ያዳነ፣ ስሙም ሳይታወቅ ጡረታ የወጣ ጸሐፊ አለ። ሐውልት አይቆምለትም። የራስል ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ሰው ሥራውን የሚመዝንበት ሚዛን ሁለት ነው፤ አንደኛው የሰው አፍ፣ ሁለተኛው የሥራው ውጤት። የሰው አፍ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ያደርጋል። ውጤቱ ግን፣ ማለት የዳነው ባለጉዳይ፣ የገባው ተማሪ፣ ያልገባው ኳስ፣ አንዴ ከሆነ ሆነ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቢሮ የምትገቡ ወጣቶች፣ ደመወዛችሁን ያለ እፍረት ጠይቁ፤ ውርደትንም አትቀበሉ። ሥራችሁን ግን ጭብጨባ ባለበት በኩል ብቻ አትፈልጉት። በክፍላችሁ ውስጥ ማንም የማይፈልገው፣ ሲጓደል ግን ሁሉም የሚወድቅበት አንድ ሥራ አይጠፋም። እሱን ያዙት። ከጎናችሁ የተቀመጠው ባልደረባ ማን እንደ ሠራው ማወቁ አይቀርም፤ እናንተ ግን እሱ ሳያውቅም ቢሆን ሥሩት።